የእመት ደብሪቱ ግማሽ ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን ብቻ አትጠይቁኝ፣ እንዶድ በር በምትባል ገደላም አገር እመት ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ትልቁ ሽባባው፣ መካከለኛዋ አትጠገብ፣ ትንሹ ይርዳው። ሀብቷ ደግሞ አንድ ተዳፋት ማሳ ነበር። እንዶድ በር ሄዳችሁ «ጥሩ መሬት የቱ ነው?» ብትሉ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እሷ ማሳ ነበር።

ይህን ስል ታዲያ ማሳው ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ደብሪቱ ስታገባ ቦታው ራቁቱን የቀረ ቋጥኝ ነበር፤ ፍየል እንኳ ቀና ብላ አይታው ታልፋለች። እሷና ባሏ ድንጋይ እየፈነቀሉ እርከን ሠሩ። ከዚያ ወንዝ እየወረዱ፣ ደለሉን በቅርጫት እያወጡ ቋጥኙን አለበሱት። ስንት ዓመት እንደፈጀ እሷም አታውቀውም። ሽባባውን አርግዛ ተሸክማለች፤ አትጠገብን አዝላ ተሸክማለች፤ ይርዳው ሲወለድ ባሏ ወገቡ ጎብጦ ቀና ማለት ተስኖት ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። ጤፉም ባቄላውም የሚበላው ከዚያ ማሳ ነው፤ ከዚያ ውጪ የረገጠችው ሁሉ የሰው ነው።

በኋላ ፊታውራሪ ወንድይራድ የሚባል ሰው የአገሩ ገዢ ሆኖ መጣ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። ዝናብ ቀርቶ ሕዝቡ ቅጠል ሲቀቅል በዓይኑ አይቷልና «ለክፉ ቀን የሚሆን የመንግሥት ጎተራ አሠራለሁ» አለ። መልካም፤ ይህን ማን ይጠላል? ጎተራ ግን ውሃ የማያቁር ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ መንገድ ዳር መሆንም አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ በእንዶድ በር ሦስት ብቻ ነበረ። አንዱ የፊታውራሪው የአማቱ ነው። አንዱ የደብሩ ነው። አንዱ የደብሪቱ ነው። እስቲ እናንተ ሹም ብትሆኑ የማንን ትወስዱ ነበር? አዎ፣ እሱም የወሰነው እንደዚያው ነው።

ጭቃ ሹሙ፣ የመንደሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ አዘነ የሚባል ሳል የማይለቀው ሽማግሌ፣ ወደ ደብሪቱ ቤት መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ።

«እመት ደብሪቱ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ማሳሽ ለአገር ጥቅም ታጨልሽ» አላት።

«እኔስ ለማን ታጨሁ?» አለችው።

«ምትክ ይሰጥሻል። ከወንዙ ማዶ፣ ሰፊ መሬት ነው።»

ሄዳ አየችው። እውነትም ሰፊ ነው፤ እግሯን ስታሳርፍ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰጠመ። ከብት እንኳ ገብቶ የማይግጠው ረግረግ ነበር። ደብሪቱ ጭቃዋን ሳትጠርግ በቀጥታ ወደ ፊታውራሪው ግቢ ወጣች።

«ጌታዬ፣ ያየሁት መሬት አይደለም፣ ውሃ ነው» አለች።

«ምድር የመንግሥት ናት፣ እመት ደብሪቱ። መንግሥት ሲያስፈልገው ይወስዳል፣ ምትክም ይሰጣል። ደንቡ ይኸው ነው።»

«ድንጋዩ የመንግሥት ነው፣ ይውሰዱት። አፈሩን ግን ከወንዝ ያወጣሁት እኔና ባለቤቴ ነን። እሱን ይመልሱልኝ።»

አሽከሮቹ ሳቁ። ፊታውራሪው አልሳቀም፤ ትንሽ አሰብ አድርጎ «አፈር ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?» አላት።

«ተሸክሜ አይደል ያመጣሁት!»

ፊታውራሪው እጁን አወዛወዘና ሌላ ባለጉዳይ አስጠራ። ደብሪቱ ቁልቁለቱን ስትወርድ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለባሏ እንዲያ አላለቀሰችም ይባላል። እንግዲህ የደብሪቱ ልጆች ምን እንዳደረጉ ስሙ፤ ከሦስቱ አንዱም እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ የለም።

መጀመሪያ ሽባባው።

የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ገመድ ጣዮቹ መሬቱን ሊለኩ መጡ። ችካላቸውን በታችኛው እርከን ላይ፣ ገና በታረሰው አፈር መካከል ተከሉ። ሽባባው ነገሩን ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያደርግ፣ በበዓል ቀን እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሞፈሩን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ፤ ችካሉ ዘንድ ደርሶ ቀኝ እጁን አነሳና «በሕግ አምላክ!» አለ።

በእንዶድ በር ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። «በሕግ አምላክ» ከተባለ ጦር የወረወረ ሰው እንኳ ጦሩን መመለስ ቢችል ይመልስ ነበር። ገመዱ ባለበት ቆመ። ደንቡ ግን ሁለቱንም ወገን ነው የሚያስረው፤ ቃሉን የተናገረው ሰው ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ለመኝታ እንኳ ከችካሉ ከራቀ ቃሉ ይፈርሳል፣ ገመዱም ይቀጥላል። ሽባባው ይህን እያወቀ ነው እጁን ያነሳው። ቅጠል የለበሰ ጎጆ ቢጤ ሠርቶ እዚያው ተቀመጠ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ማለዳ ከላይ ያለው የመንግሥት ቦይ ተደርምሶ ውሃው በሙሉ በሽባባው ጎጆ ላይ ተለቀቀ። «ሞልቶ ነው የፈሰሰው» አሉ የገዢው ሰዎች፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ቦዩን የሚጠግን ግን አልተገኘም። ሽባባው ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ከረመ። ደብሪቱ ምሳውን ይዛ ስትወርድ እግሩን አየችው፤ አብጦ ጠቁሯል፣ ጣቶቹ አይለዩም።

«ተነስ ልጄ፣ ይቅርብን» አለችው።

«ከተነሳሁ አለቀ፣ እማ።»

«እግርህ እኮ አለቀ!»

«እግሬማ የኔ ነው» አለና እንጀራውን ተቀበላት። እሷ ባዶ ሰፌዷን ይዛ ስትመለስ ስንት ጊዜ ዞር ብላ እንዳየችው አትጠይቁኝ።

ቀጥላ አትጠገብ።

አትጠገብ ከሁለት ቀበሌ ወዲያ ተድራ የራሷን ጎጆ ይዛ የምትኖር ነበረች፤ አንዲት ጡት የጣለች ሴት ልጅም አለቻት። ወንድሟ ጭቃ ውስጥ መቆሙን ስትሰማ «ቆሞ ቢከርም ዳኛው ካልሰማ ምን ይፈይዳል?» አለች። የገበያ ቀን ጠብቃ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ትእዛዙን ያመጣው ጭቃ ሹም አዘነ ፊት ቀረበች።

«ጭቃ ሹም፣ የኩታዎን ጫፍ ይስጡኝ» አለችው።

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚያ አገር ከሳሽ የተከሳሹን ኩታ ከራሱ ነጠላ ጋር ይቋጥርና ሁለቱ እንደተያያዙ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ቁራኛ ይሉታል። «አልቋጠርም» ያለ በደለኛነቱን ያመነ ነው፤ በመንገድ ላይ ቋጠሮውን የፈታ ደግሞ ከሳሽም ይሁን ተከሳሽ ይረታል። እስከዚያን ቀን ድረስ ግን ሴት ልጅ ሹም ቆራኝታ አይታይም ነበር። ጭቃ ሹሙ ወዲያ ወዲህ አየ፣ ገበያተኛው ሁሉ ዓይኑን ተክሎበታል፤ ሳይወድ በግዱ ጫፉን ሰጣት።

ባሏ ይህን ሲሰማ መንገድ ላይ ጠበቃት። «ከወንድ ጋር ተቋጥረሽ አገር ላገር ልትዞሪ? ከሄድሽ ቤቴን እንዳትረግጪ!» አላት። ልጅቱን አቅፏት ነበር። አትጠገብ ልጇን አየች፣ ቋጠሮውን አየች። «ተመልሼ አስረዳሃለሁ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ዋናው ዳኛ የሚያስችልበት ከተማ ሩቅ ነበር። ጭቃ ሹሙ በየዘመዱ ቤት «አመመኝ» እያለ ይተኛል፤ እሷ እግርጌው ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ወንዝ ሲሞላ አብረው ይቆማሉ፤ እሱ እያሳለ፣ እሷ እየተሰደበች። ከተማው ሲደርሱም ዳኛው አልነበረም፤ ክረምቱ ካልወጣ አይመለስም ተባሉ። ሰው ያሾፍባቸዋል፤ «ሙሽሮች» ይሏቸዋል። አትጠገብ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ክረምቱን ሙሉ ያቺን ቋጠሮ አንዴም አልፈታችም። እሷ ደጅ ስትጠና ባሏ ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጇም ያቺን ሴት «እማዬ» ማለት ለመደች።

አሁን ደግሞ ይርዳው።

ይርዳው ቤት ከዳኝ ነበር። ሳር ሲከድን እጁ ይጣፍጣል፣ ወሬም ያውቃል፣ ከሁሉም ጋር ይስቃል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ የፊታውራሪውን አዳራሽ እንዲከድን ተጠርቶ ጣሪያው ላይ ሳለ ከስር የሚወራውን ሰማ። ፊታውራሪው መታገስ ሰልችቶታል። ከሩቅ አገር ወታደሮች አስመጥቷል፤ የእንዶድ በርን ቋንቋ የማይሰሙ፣ «በሕግ አምላክ» ቢባሉ ምን እንደተባሉ የማያውቁ። በማግስቱ ሽባባውን ጎትተው ያወጡታል፤ ከታገላቸው ይወጉታል።

ይርዳው ከጣሪያው እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ሮጦ እናቱ ዘንድ ገባ።

«እማ፣ ነገ ሊገድሉት ነው። ጋሼ ሽባባው እንደሁ አይነሳም፣ ታውቂዋለሽ። ከእታለም አትጠገብም ወሬ የለም። ሄጄ ፊታውራሪውን ልለምነው፤ ታችኛውን ግማሽ እንስጥዎ፣ ላይኛውን ይተዉልን፣ ወንድሜንም አይንኩ ልበለው?»

ደብሪቱ ወደ ውጭ አየች። በደጃፉ በኩል ማሳው ይታያታል።

«እማ፣ ተናገሪ እንጂ! ልስጥ?»

ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። አንድም ቃል አልወጣትም። በእንዶድ በር እናት ተጠይቃ ፊቷን ከሸፈነች «እንደ ወደድህ አድርግ» ማለቷ ነው፤ ፊቷን የምትሸፍነው ግን ሲያለቅሳትም ነው። ይርዳው የመጀመሪያውን ወሰደ። እሷ የትኛውን ማለቷ እንደነበር፣ እኔ ልንገራችሁ፣ እሷ ራሷም እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ሄደና በምስክር ፊት ከፊታውራሪው ጋር እጅ ለእጅ ተማትቶ ተዋዋለ። ታችኛው ግማሽ ለጎተራው፣ ላይኛው ግማሽ ለደብሪቱ፤ ሽባባውም አይነካ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ወረደ።

«ጋሼ፣ ተነስ። አልቋል።»

«ማን ፈረደ?» አለ ሽባባው።

ይርዳው እጁን ዘረጋለት። ሽባባው ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ አልታዘዘውም። ወንድሙ አዝሎ አወጣው። ወጌሻ ተጠርቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆረጠ።

ገመድ ጣዮቹ ታችኛውን እርከን ለክተው ጨረሱ። ድንጋዩ ተፈነቀለ፣ አፈሩም ለጎተራው መደብ እንዲሆን በውሃ ተቦክቶ ተረገጠ። ደብሪቱ በሯን ዘጋች። በሩ ቢዘጋም የአካፋው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ታዲያ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በአንድ የጥቅምት ረፋድ፣ በመንገዱ ላይ ሦስት ሰዎች ታዩ። ከፊት የዋናው ዳኛ መልእክተኛ በበቅሎ፣ ከኋላ አትጠገብና ጭቃ ሹም አዘነ፣ አሁንም እንደተቋጠሩ። እንዶድ በር ግልብጥ ብሎ ወጣ። መልእክተኛው ከበቅሎው ሳይወርድ የዳኛውን ቃል አሰማ።

«ወንዙን በቅርጫት አውጥቶ ቋጥኝ ያለበሰ ሰው የሠራው የራሱ ነው። ጎተራ መልካም ነገር ነው፤ መልካም ነገር ግን በአንዲት ሴት ትከሻ ብቻ አይሠራም። መንግሥት መሬት ሲያሻው ባለቤቱን ያስፈቅድ፣ የሚመጥን ምትክም ይስጥ፤ ባለቤቱ እንቢ ካለ ሌላ ቦታ ይፈልግ። የደብሪቱ ማሳ ሙሉ በሙሉ የደብሪቱ ነው።»

አትጠገብ ቋጠሮውን ፈታችው። ሳቀች፤ ከዚያ ዞር ስትል ታችኛው እርከን የነበረበትን አየች። ሳቋ እፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ፊታውራሪ ወንድይራድ ከሰው መካከል ወጣና እጅ ነሳ። «የዳኛው ቃል በላዬ ላይ ነው» አለ። «እኔ ግን ያለ ፈቃድ የወሰድኩት የለም። የማሳው ባለቤት በልጇ አፍ ሰጥታኛለች። ምስክር አለኝ።»

መልእክተኛው ወደ ደብሪቱ ዞረ። «እመት፣ እውነት ነው? ይህ ልጅ ሲሰጥ ፈቅደሽለታል?»

እንግዲህ ልብ በሉ። «አልፈቀድኩም» ብትል ጎተራው ይፈርሳል፣ ታችኛው ግማሽ ይመለሳል፤ የሰው መሬት ያለ ፈቃድ የሰጠ ሰው ግን ቅጣቱ እጁን መቆረጥ ነበር። የይርዳው እጅ ደግሞ የሚስቱና ገና ያልተወለደው ልጁ እንጀራ ነው። ደብሪቱ ግራ ቀኝ አየች። በአንድ በኩል ሽባባው በምርኩዝ ቆሟል። በሌላ በኩል አትጠገብ የተጨማደደ ነጠላዋን ይዛ ታያታለች። ከፊቷ ይርዳው አንገቱን ደፍቷል።

«ፈቅጄለታለሁ» አለች።

አትጠገብ «እማ!» ብላ ጮኸች። ደብሪቱ አልደገመችውም፤ አንዴ ተናግራዋለች።

«በፈቃድ የተሰጠውን መመለስ አልችልም» አለ መልእክተኛው። «የቀረው ግን በዳኛው ቃል የተጠበቀ ነው፤ ባለቤቱ በስም እስከታወቀ ድረስ ማንም ሹም አይደርስበትም።» ይህን ብሎ በቅሎውን መለሰ። ፊታውራሪውም ወደ አዳራሹ ወጣ፤ ጎተራውን አሠራ። ጥሩ ጎተራ ነው አሉ። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ደስ ብሎታል፤ ረሃብን ያየ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

ደብሪቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልሆነችም። ምግብ አይረጋላትም፣ ትንሽ ሄዳ ታርፋለች፣ ቀን ለቀን እየከሳች ሄደች። ጭቃ ሹም አዘነ ይህን አየ። ክፋት ነው አልልም፣ ሥራው ነው፤ ወደ ቤቷ መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ።

«እመት ደብሪቱ፣ እግዜር ይማርሽ። ነገር ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ። ያንቺ የቀረው መሬት ከአንድ ጥማድ በታች ነው፤ ከዚያ የሚያንስ መሬት ለወንድማማች አይከፈልም፣ ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው፤ የቀሩት ለቀው ይወጣሉ። በሕይወትሽ ሳለሽ ወራሽሽን በሽማግሌ ፊት በስም ካልጠራሽ ባለቤት የሌለው መሬት ይሆናል። ባለቤት የሌለው መሬት ደግሞ…»

«አውቃለሁ» አለችው። «የመንግሥት ነው።»

«በእሁድ ብናደርገውስ?»

«እሁድ ይሁን» አለች። ያን ሁሉ ክረምት ያልተሸነፈው ልቧ ያኔ ተሰበረ። መሬቷን ከሹም ያዳኑላት ልጆቿ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ራሷ ለአንዱ ሰጥታ ሁለቱን ልትነቅል ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ተቀመጡ። ደብሪቱ በመደገፊያ ተቀመጠች። ጭቃ ሹም አዘነም አለ፤ የወራሽ ስም ካልተጠራ ሊለካ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አኑሯል። ሽማግሌዎቹ ልጆቹን ተራ በተራ ጠየቁ።

ሽባባው በምርኩዙ ተነሳ። «እኔ ባልቆም ገመዱ በሰኔ አልቆ ነበር» አለ። «እህቴ ዳኛ ፊት የምትከስበት መሬት፣ ወንድሜም የሚካፈለው ማሳ አይኖርም ነበር። በአንድ እግሬ የማንን ቤት ሎሌ ሆኜ እኖራለሁ?» ቁጭ አለ። ካሁን በፊት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ማንም አልሰማውም።

አትጠገብ ተነሳች። «የተፈረደው እኔ ቆራኝቼ በወሰድኩት ሰው ነው» አለች። «ያለዚያ ፍርድ ዛሬ የቀረውም ግማሽ በፊታውራሪው በጎ ፈቃድ የሚኖር ነበር፤ በጎ ፈቃዱ ሲያልቅ ይወስደዋል። ቤቴ ሌላ ሴት አለችበት። ልጄ ‹ይቺ ማናት?› ትላለች። ወዴት ልሂድ?» ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ።

ይርዳው ተነሳ፣ ወንድሙንም እህቱንም አላየም። «ወንድሜ ዛሬ ቆሞ የሚናገረው እኔ ስለተማታሁ ነው» አለ። «ወታደሮቹ ማግስቱን ይመጡ ነበር፤ ፍርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጠብቅ ነበር? ሬሳውን ታቅፌ? የሰጠሁት ግማሽ ቆጭቶኝ አያውቅም አልልም። ግን አንድ ሰው ማረስ አለበት፤ እጅና እግር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ልጄም በጥር ይወለዳል።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ «ሽባባው ነው፤ የከፈለው ሥጋውን ነው» አለ። ሌላው «የማያርስ ሰው ምን ያደርግበታል? ማሳው ጦም ያድራል፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ሹም ይጋብዛል» አለው። አንዱ «አትጠገብ ናት፤ ሙሉውን ያስፈረደችው እሷ ነች፣ ግማሽ የሆነውም በሷ ጥፋት አይደለም» አለ። ሌላው «ትዳሯን የበተነችው ራሷ ነች፤ መሬት ለተበተነ ትዳር ካሣ ሊሆን ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ «አንተ ብትሆን ጀግና ይሉህ ነበር!» ብሎ ጎረቤቱ አፉን አስያዘው። አንዱ «ይርዳው የወንድሙን ነፍስ አዳነ» አለ። «የናቱን ማሳ ሸጦ!» አለ ሌላው። «ፈቅጃለሁ አላለችም እንዴ?» ሲል ያኛው፣ ሁሉም ዘወር ብለው ደብሪቱን አዩ፤ ደብሪቱም ያን ጊዜ ዓይኗን ሰበረች።

ክርክሩ ማብቂያ ሲያጣ ትልቁ ሽማግሌ «እመት፣ መሬቱ ያንቺ ነው። አንድ ስም ብቻ ጥሪ» አላት።

ደብሪቱ ሦስቱን ቀስ ብላ አየቻቸው። ሽባባው ምርኩዙን ጨበጠ። አትጠገብ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይርዳው አሁንም ቀና አላለም። ጭቃ ሹም አዘነ ሳሉን ዋጠ። ስም ስትጠራ የቀሩት ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ረግረግ ወይም ወደ ሰው ደጅ እንደሚሄዱ ታውቃለች፤ ዝም ካለች ደግሞ ሦስቱም አብረው እንደሚሄዱ ታውቃለች። አፏን ከፈተች።

ምን እንዳለች እኔ አልናገርም፤ ብናገር ግማሻችሁ ትሰድቧታላችሁ። አንድ ስም ካልተጠራ ግን መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ቤታችሁ መግባት የለም። እስቲ በሉ፤ በእሷ ቦታ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ያ ግማሽ ማሳ የሚገባው ለማን ነው?